ዋስ ያጣ ክርክር

የጎጃሙ ዳሞት የሙግት አገር ነው። ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ እስከ ዓባይ ቆላ ያለው ገበሬ ርስቱን በማረሻው ብቻ ሳይሆን በአንደበቱም ሲጠብቅ ኖሯል። በድሮው ሥርዓት ዳኛው ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ «በላ ልበልሃ» ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው በ«ተጠየቅ» ይመልሳል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል፣ ሲጠየቅም አስተያየቱን ይሰጣል። ነገሩ ሲከር በቅሎና ማር ይወራረዱበታል።

የሥርዓቱ ምሰሶ ግን ንግግሩ አልነበረም፤ ዋሱ ነበር። ተሟጋቾች ዋስ ይጠራሉ። ዋስ የጠራ ሰው፣ ባላጋራው ምንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን፣ የልቡን ተናግሮ ሲያበቃ ቤቱ ገብቶ ያድራል። ዋስ ያጣ ከባላጋራው ጋር በቁራኛ ይታሰራል። አንደበተ ርቱዕ መሆን ብቻውን ማንንም አያድንም ነበር። የአገራችንን የምርጫ ክርክሮች ታሪክ በዚህ ዓይን ነው የማየው፤ መድረኩ ላይ ማን ምን አለ ከሚለው ይልቅ ተናጋሪውም ሰሚውም በማግስቱ የት አደሩ የሚለው ይበልጥብኛል።

ሥርዓቱ ወሰንም ነበረው። ሰው ጎረቤቱን፣ ወንድሙን፣ ጭቃ ሹሙንም ቢሆን ሊከስ ይችላል። ከዚያ በላይ ሲኬድ ግን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ነው።

ጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። ምርጫው የተካሄደው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ሴቶችም መረጡ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። ይሁን እንጂ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ለመወዳደርም 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ንብረት የነበረው የገጠር ሰው ጥቂት ነው። ዕጩው ራሱን፣ ዘሩንና ደግነቱን ያስተዋውቃል እንጂ በመንግሥት ፖሊሲ ላይ ከማንም ጋር አይሟገትም። በ1953 ዓ.ም. መስከረም ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሆነው ለፕሬዚዳንትነት ሲከራከሩ አሜሪካኖች በየቤታቸው ተመለከቱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ እኛ የሥልጣን ጥያቄ ሲነሳ ያየነው በክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ነው።

መጻፍም የሚያስከፍለው ዋጋ ነበር። የጎጃሙ ተወላጅ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን ሲያወጣ መጽሐፉ ታገደ፤ እሱም በኋላ ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ተግዞ ኖረ።

ኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ርስቴ ሊለካና ሊወሰድ ነው ብሎ ሰጋ። መጀመሪያ ያደረገው የለመደውን ነው፤ ሽማግሌዎቹን መርጦ አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ እንዲሄዱ ላካቸው። ሰሚ ሲጠፋ ዱር ገባ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። ገበሬው ያሰበውን አገኘ፤ ያገኘው ግን በክርክር አልነበረም። ይህ ትምህርት በዚያ አገር ሰው ልብ ውስጥ ጠልቆ የቀረ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ ሳያስበው አጽንቶለታል።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በመጀመሪያው አዋጁ ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ምክር ቤቱን በተነ፣ ሥራ ማቆምን፣ ያለ ፈቃድ መሰብሰብንና ሰላማዊ ሰልፍን ከለከለ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ግን የሚገርም ነገር ሆነ። በ1968 ዓ.ም. በመንግሥት ጋዜጣ በአዲስ ዘመን ላይ «አብዮታዊ መድረክ» የሚባል ዓምድ ተከፈተ፤ የሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ የኢሕአፓና የመኢሶን፣ ሰዎች በብዕር ስም ይሟገቱበት ጀመር። ርዕሰ ነገሩ ራሱ የዜጎች ነጻነት ነበር። ኢሕአፓ ዴሞክራሲያዊ መብት ያለ ገደብ፣ ለሁሉም፣ አሁኑኑ ይሰጥ አለ። መኢሶን መብቱ ለሰፊው ሕዝብ እንጂ ለጸረ አብዮተኛ አይገባም አለ። በዘመኑ ከተጻፉት ሁሉ ይህን ክርክር አብዝቼ አስብበታለሁ፤ ሁለቱም ወገኖች ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ አለና። ጸረ አብዮተኛ ማን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? መልሱ ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲሰብሩ መጣ። መጀመሪያ ያለ ገደብ ያለው ተገደለ፤ ቀጥሎ በገደብ ያለው። የጋዜጣው ተከራካሪዎች አንዳቸውም ዋስ አልነበራቸውም።

ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፤ 81 በመቶ ደገፈ ተባለ። ቀጥሎ ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ፣ ሸንጎውም መንግሥቱን ፕሬዚዳንት አደረገ። አገራችን ፕሬዚዳንት የሚባል ሹመት ያገኘችው ያን ጊዜ ነው፤ የተሾመውም ማንም ሳይወዳደረው ነው። በኋላ የመጣው የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንዲሆን አደረገ፤ አስፈጻሚ ሥልጣኑን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጠ። ስለዚህ በእኛ አገር ለፕሬዚዳንትነት የሚደረግ የሕዝብ ክርክር የለም፤ የሚሟገቱት ፓርቲዎች ናቸው። የቡሬ ሰው ድምፁን የሚሰጠው ለወረዳው ዕጩ ነው።

ደርግን የጣለው ኢሕአዴግ ጎጃምን የያዘው በ1983 ዓ.ም. የካቲት በተጀመረው በዘመቻ ቴዎድሮስ ነው። ጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወጣ፤ ነጻ ጋዜጦች አዲስ አበባ ላይ እንደ አሸን ፈሉ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በነጻ መግለጽን፣ በአንቀጽ 30 መሰብሰብንና ሰላማዊ ሰልፍን፣ በአንቀጽ 31 መደራጀትን ፈቀደ። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ፣ የዋስ መብቱንም ጠበቀለት። በወረቀት ላይ የተጻፈ ዋስ ማለት ይህ ነው።

በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም ይህ ወረቀት የተፈተነው በመሬት ነው። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት መሬት እንደ ገና አከፋፈለ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ኃላፊነት የነበሩት «ቢሮክራት» ተባሉ፤ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት ቀበሌ ውስጥ ጸሐፊ ወይም ታጣቂ ስለ ነበር ልጆቹ የሚበሉበት መሬት ተቆረሰ። ገበሬዎች በእግርም በመኪናም ተጉዘው አዲስ አበባ ድረስ አቤት አሉ፤ ተማሪዎች ደገፏቸው፤ ክፍፍሉ ግን አልቆመም። መሬት አልባ የነበሩ ወጣቶችና ሴቶች መሬት ማግኘታቸው እውነት ነው፤ ብዙዎቹም ደስ ብሏቸው ተቀብለዋል። ነገር ግን ማን ተጠይቆ፣ ማን ተሟግቶ ተወሰነ የሚለው ቁስል ሳይሽር ለስምንት ዓመት ቆየ።

1997 ዓ.ም. ያ ቁስል የተናገረበት ዓመት ነው።

የዚያን ዓመት ክርክሮች ያልሰማ ወጣት ምን ያህል ነገር እንደ ተለወጠ መገመት ይከብደዋል። ቀደም ብሎ በነበሩት በ1987ና በ1992 ምርጫዎች ተቃዋሚ ወይ ራሱን አግልሏል፣ ወይ ተበታትኖ ገብቷል። አሁን ቅንጅትና ኅብረት የተባሉ ሁለት ትልልቅ ጥምረቶች ቆሙ፤ የኢሕአዴግ ባለ ሥልጣናትም ከእነሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ክርክሩ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ተላለፈ። ብርሃኑ ነጋ ስለ ኢኮኖሚ፣ በየነ ጴጥሮስና መረራ ጉዲና ስለ ፌዴራሊዝምና ስለ ምርጫ ሕግ፣ ልደቱ አያሌው ስለ ሁሉም ተናገሩ፤ በረከት ስምኦን መንግሥትን ወክለው ተከላከሉ። ሰዉ ቡና ቤት ታድሞ፣ ጠጅ ቤት ታድሞ ሰማ። ሚኒስትር ሲጠየቅና መልስ ሲጠፋው ማየት፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ያደገ ትውልድ ያላሰበው ነገር ነበር።

ገጠር ቴሌቪዥን ባይኖርም ሬዲዮ ነበር። በቡሬ አካባቢ በርበሬውን ሸጦ ባትሪ ድንጋይ የገዛ ገበሬ ክርክሩን የሰማው ስለ ራሱ ጉዳይ ነው። መሬት የማን ይሁን? ኢሕአዴግ መሬት ከተሸጠ ገበሬው በችግር ቀን ሸጦት ከተማ ለማኝ ይሆናል አለ። ቅንጅት ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ካልሆነ ካድሬው ባለቤቱ ይሆናል አለ። ሁለቱም ክርክሮች ክብደት አላቸው፤ እኔ የመጀመሪያውን ስጋት ከንቱ አልልም፣ በጎጃም ግን በ1989 የሆነውን ያየ ሰው ሁለተኛውን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ከመሬት ቀጥሎ ማዳበሪያ መጣ፤ የማዳበሪያው ዕዳ፣ ከዚያም ዕዳውን ያልከፈለው የሚደርስበት መንገላታት።

መድረኩ ሲከፈት ግን ሌላው በር ገርበብ ብሎ ነበር። መጋቢት ላይ ሦስት የአሜሪካ የምርጫ ድጋፍ ድርጅቶች ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የአገር ውስጥ ሲቪል ማኅበራት ምርጫውን እንዳይታዘቡ በምርጫ ቦርድ ሲከለከሉ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ረቱም። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግን ሲጸና ለምርጫው የቀረው ጥቂት ቀን ስለ ነበር ወደ ገጠር ታዛቢ ማሰማራት አልተቻለም። ሆኖም ያ ፍርድ በዚያ ዓመት ከተደረገው ሁሉ ትልቁ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ክርክሩን ያየው ብዙ ሰው ነው፤ መንግሥት ተከሶ የተረታበትን ችሎት ግን ያስታወሰው ጥቂት ነው።

ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ፣ ሚያዝያ 30 ቅንጅት መስቀል አደባባይን ሞሉት። ግንቦት 7 ሕዝቡ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ መረጠ። በዚያው ሌሊት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር መከልከሉን በቴሌቪዥን አስታወቁ። ቆጠራው ሳያልቅ የመድረኩ መብራት ጠፋ ማለት ነው። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ፤ በአማራ ክልልም ጎጃምን ጨምሮ የገጠር ወንበሮችን ወሰደ። ለገዥው ፓርቲ ከአዲስ አበባው ይልቅ የገጠሩ የበለጠ ሳያስደነግጠው አልቀረም፤ ገበሬው የኔ ነው ሲል ኖሯልና። በመጨረሻው ውጤት ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ ተባለ።

ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጥይት ተተኮሰ፤ ጥቅምት 1998 ደግሞ ባሰ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ፤ ፖሊሶችም ሞተዋል። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደ ሚካኤል መሸሻ የደረሱበትን እውነት ይዘው አገር ጥለው ወጡ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በየካምፑ ታሰሩ። ኃይሉ ሻውል፣ ብርሃኑ ነጋ፣ የቀድሞዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ፣ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ ወኅኒ ወረዱ። በቴሌቪዥን ያየናቸው ተከራካሪዎች በወራት ውስጥ ተከሳሾች ሆኑ፤ ዋስም ተከለከሉ። በይቅርታ የተፈቱት በ1999 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን በአጭሩ መናገር ይቻላል፤ ሁሉም አንድ አቅጣጫ ነበረውና። በ2000 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ፣ በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የጸረ ሽብር አዋጆች ወጡ። ብርቱካን በ2001 ዳግመኛ ታሰሩ፤ የ2002 ምርጫ ሲካሄድ እስር ቤት ነበሩ። ክርክር ግን አልቀረም፤ በ2002ም በ2007ም በቴሌቪዥን ታይቷል። ልብ ማለት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ክርክሩ እያለ ኢሕአዴግና አጋሮቹ በ2002 ከ547 ወንበር 545፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ወሰዱ።

ይህ እንዴት ሆነ ለሚል ሰው መልሱ ስቱዲዮ ውስጥ አይገኝም፤ ገጠር መውረድ ያስፈልጋል። እነዚህ ምርጫዎች የዋሉት ግንቦት ነው። ግንቦት የቡሬና የጃቢ ጠህናን ገበሬ ለበቆሎ ማሳ የሚያዘጋጅበት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚጠብቅበት ወር ነው። ማዳበሪያው የሚመጣው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ነው፤ ስም ዝርዝሩ ያለው ቀበሌ ነው፤ ቀበሌውን የያዘው ገዥው ፓርቲ ነበር፤ ከሥሩም ገበሬው በልማት ቡድንና አንድ ለአምስት በሚባል አደረጃጀት ተይዞ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ ተቃዋሚን የደገፉ ገበሬዎች ማዳበሪያ፣ ብድርና የምግብ ዕርዳታ እንደሚከለከሉ ጻፈ፤ መንግሥት አስተባበለ። ያም ሆነ ይህ፣ ሚያዝያ ላይ በስብሰባ ተነሥቶ የተናገረ ሰው ግንቦት ላይ የሚሰለፈው በዚያው ሊቀመንበር ፊት መሆኑን ለማወቅ ዘገባ አያስፈልግም። ማንም ሳይታሰር፣ ማንም ሳይደበደብ አንደበት የሚዘጋው እንደዚህ ነው።

547ቱ ወንበር ከተያዘ አሥራ አምስት ወር ሳይሞላ ጎንደርና ባሕር ዳር ተነሡ። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር ብዙ ሰላማዊ ሰልፈኞች ተገደሉ፤ ተቃውሞው ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን ጨምሮ በምዕራብ ጎጃም ከተሞች ተዛመተ። መስከረም 28 ቀን 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የተነሣው ሐምሌ 28 ቀን 2009 ነው።

መጋቢት 2010 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ እስረኞች ተፈትተው፣ ስደተኞች ተመልሰው፣ አፋኝ የተባሉት አዋጆች ተራ በተራ ተሻሻሉ። ኅዳር 13 ቀን 2011 ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ያን ቀን የተሰማኝ ተስፋ ከልብ ነበር፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ዋዜማ ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና፣ ተቃዋሚዎቹ ኢዜማ፣ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን)ና ሌሎችም በልዩ ልዩ ጣቢያዎች ተከራከሩ፤ ክርክሩም ብዙ ቦታ ጨዋ ነበር። ነገር ግን የባልደራስ ፓርቲው እስክንድር ነጋ ዕጩ ሆነው የቀረቡት ከእስር ቤት ነው፤ መመዝገብ የቻሉትም ሰበር ሰሚ ችሎት ስላዘዘ ነው። በሰሜን ጦርነት ነበር። ብልጽግና 410 ወንበር ሲያገኝ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ።

አምስት ወንበር ትንሽ ነው፤ ሆኖም ሰላማዊውን መንገድ ለመረጠ የአማራ ወጣት አንድ ነገር ነበር። እሱም አልቆየም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የፋኖ ታጣቂዎች ከመከላከያ ጋር ሲዋጉ እንደ ገና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የ2009ኙ ከተነሣ ልክ በስድስተኛ ዓመቱ። የአብኑ የተወካዮች ምክር ቤት አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ ያለመከሰስ መብታቸው ሳይነሣ በዚያው ሰሞን ታሰሩ። ነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም በአየር ተመታች፤ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን በመኖሪያ ሰፈሮች ላይ በደረሰ ድብደባ ሰላማዊ ሰዎች መጎዳታቸውን ገለጸ። አዋጁ ጥር 24 ቀን 2016 ለተጨማሪ አራት ወር ተራዘመ። እስክንድር ነጋ፣ ጋዜጠኛና ዕጩ የነበሩት ሰው፣ በዚህ ጊዜ ጫካ ገብተው ነበር። መሣሪያ ማንሣታቸውን አልደግፍም፤ በብዕርና በድምፅ መስጫ ሣጥን ብዙ ዓመት የሞከረ ሰው ሲጨርስ እዚያ መገኘቱ ግን የሁላችንም ኪሣራ ነው።

ታጣቂዎቹም ቢሆኑ ተናጋሪን አልማሩም። የመንግሥት ደጋፊ ነህ ያሉትን የገደሉበትና ያገቱበት ጊዜ አለ። የቡሬ ሰው አሁን የሚፈራው ሁለት ባላጋራ ነው፤ አንዱ ቀን ይጠይቀዋል፣ ሌላው ማታ።

አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ አበቃ። መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ምንም አዋጅ ሳይኖር በአማራ ክልል ጅምላ እስር ተጀመረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መታሰራቸውን፣ ከነሱም መካከል መምህራን፣ ዐቃቤ ሕጎችና ዳኞች እንዳሉ ገለጸ። ዋስትና የሚፈቅደው ዳኛ ራሱ ዋስ ሲያጣ፣ አንቀጽ 19ን ማን ያስፈጽማል?

የሚቀጥለው ምርጫ ክርክር ሲመጣ ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ፌዴራሊዝም እንደ ገና ይጠየቃል፤ ይጠየቅም። ከዚያ በፊት ግን ለእያንዳንዱ ተከራካሪ፣ ገዥም ይሁን ተቃዋሚ፣ አዎ ወይም አይደለም የሚያስብል ጥያቄ ይቅረብለት፦ ሥልጣን ብትይዙ፣ የሚቃወማችሁ ሰው በቡሬ ፖሊስ ጣቢያ ከ48 ሰዓት በላይ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቢቆይ፣ ያቆየውን ሹም በስሙ ትከሱታላችሁ?